ስሙን ለመጥራት አምስት ወር

ይህ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለንባብ ክበባችን ያቀረብኩት ንግግር ነው። የደጋገምኩትን ቀንሼ፣ ከታዳሚ የተጠየቅኩትን መጨረሻው ላይ ጨምሬ ጻፍኩት። ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እስቲ ሌስተር የምትባል ከተማ ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። ማንም የለም። ኳስ ጥሩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ቫርዲ፣ ማህሬዝ፣ ካንቴ። በ2016 ዋንጫውን ሲያነሱ ስንት የአርሰናል ደጋፊ እንዳኮረፈ አስታውሳለሁ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ዛሬ የማወራው ስለዚያችው ከተማ ነው። ስለ ኳሷ ግን አይደለም። ስለ አንድ ፓርኪንግ ነው።

ፓርኪንጉ የከተማው ምክር ቤት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች መኪናቸውን የሚያቆሙበት ነበር። ጠዋት መጥተው ያቆማሉ፣ ማታ ይሄዳሉ። ከአስፋልቱ ሥር አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ጥልቀት ንጉሥ ተኝቶ ነበር። ዘውድ የጫነ፣ ቅብዐ መንግሥት የተቀባ፣ ትክክለኛ ንጉሥ።

ሪቻርድ ሦስተኛ ይባላል። በእኛ ዘመን ብንለካው፣ በ1452 ሲወለድ እኛ ጋ ዙፋኑ ላይ ያሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በ1485 ሲሞት ደግሞ አፄ እስክንድር። የነገሠው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ሲሞት 32 ዓመቱ ነበር። በጦር ሜዳ የተገደለ የመጨረሻው የእንግሊዝ ንጉሥም እሱ ነው።

ስሙ መጥፎ ነው። ወንድሙ ኤድዋርድ አራተኛ ሲሞት ዙፋኑ ለ12 ዓመት ልጁ ነበር የተገባው። ሪቻርድ የልጁ አጎት፣ ሞግዚትም ነበር። ሞግዚቱ ራሱ ነገሠ። ልጁና የ9 ዓመት ታናሽ ወንድሙ በለንደን ግንብ ውስጥ ከሰው ዓይን ጠፉ። አጎትየው አስገድሏቸዋል የሚለው ወሬ ያኔውኑ ተነሣ፤ እስከ ዛሬም አልበረደም። ከመቶ ዓመት በኋላ ሼክስፒር መድረክ ላይ ሲያወጣው ጎባጣ፣ ክንዱ የሰለለ፣ ክፉ ሰው አድርጎ ነው ያወጣው። የዓለም ሕዝብ የሚያውቀው ይኼንን ሪቻርድ ነው። ደግ ነበር ክፉ ነበር የሚለው ክርክር ውስጥ ዛሬ አልገባም። አጥንት ስለ ጠባይ አይናገርም። ስለ ሌላው ግን ይናገራል፤ በተለይ ስለ ጀርባ።

ኦገስት 22 ቀን 1485 ከሌስተር ብዙም በማይርቅ ቦስዎርዝ በተባለ ስፍራ፣ ሄንሪ ቱዶር ከሚባል ተቀናቃኙ ጋር ገጠመ። ሪቻርድ ፈረሰኞቹን ይዞ በቀጥታ ወደ ሄንሪ ጋለበ። የሄንሪን ሰንደቅ ያዥ ገደለው። ሄንሪ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከበቡት። ጠላቶቹ ሆነው የጻፉት እንኳ ጀግንነቱን አልካዱም።

ሬሳው ዕርቃኑን ፈረስ ላይ ተጭኖ ሌስተር ገባ። መሞቱን ሕዝብ እንዲያይ ተዘርግቶ ቆየ። ከዚያ የፍራንሲስካን መነኮሳት በቤተ ክርስቲያናቸው ቀበሩት። በዘመኑ የነበረ አንድ ጸሐፊ የቀብሩን ቦታ ሳይቀር ጽፎታል፤ መዘምራን የሚቆሙበት ክፍል ውስጥ ይላል። በእኛ ቅኔ ማኅሌት ልንለው እንችላለን። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሄንሪ ነገሠ። ከአሥር ዓመት በኋላ ለገደለው ሰው የመቃብር ሐውልት ማሠሪያ ገንዘብ ከፈለ። የሄንሪ ልጅ፣ ያ ሚስቶቹን በመቀያየር የታወቀው ሄንሪ ስምንተኛ፣ በተራው ገዳማቱን ሁሉ ዘጋ። የሌስተሩ ገዳም በ1538 ተዘግቶ ፈረሰ። አባትየው ገደለው፣ ልጅየው መቃብሩን አጠፋው። ድንጋዩ ለሌላ ቤት መሥሪያ ተወሰደ።

ከዚያ ወሬ ተተካ። አጥንቱን አውጥተው ሶር ወንዝ ውስጥ ጣሉት ተባለ። ወሬው እየቆየ እውነት መሰለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲያውም ድልድዩ አጠገብ፣ የንጉሡ አጽም እዚህ አካባቢ ነው የሚል የድንጋይ ጽሑፍ ተሰቀለ።

በሌላ በኩል አንድ ትንሽ ማስረጃ ነበረች። በ1612 አንድ እንግዳ፣ የከተማዋ ከንቲባ የነበረ ሰው ጓሮ ይገባል። ጓሮው የፈረሰው ገዳም መሬት ላይ ነው። እዚያ የድንጋይ ምሰሶ ያያል። በአንድ ወቅት የእንግሊዝ ንጉሥ የነበረው የሪቻርድ ሦስተኛ አካል እዚህ አርፏል የሚል ተጽፎበታል። አይቶ ጻፈው። ምሰሶው ጠፋ፣ ጽሑፉ ቀረ።

እዚህ ላይ የራሴን ላስገባ። አያቴ የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲታደስ መቃብሮች ተነሡ፣ ተዛወሩ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላም። ዛሬ ቤተሰቡ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ ወገን ከግራሯ በስተቀኝ ነው ይላል፣ ሌላው በስተግራ። በእርግጠኝነት የሚያውቁት አክስቴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አረፉ። ማንም አልጻፈውም። ስለዚህ ያ ሰው ጓሮ ገብቶ ያየውን በመጻፉ እኔ እቀናለሁ።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ፊሊፓ ላንግሊ የምትባል የፊልም ጽሑፍ ጸሐፊ አለች። አርኪዮሎጂ አልተማረችም። ንጉሡ ስሙ በከንቱ ጠፍቷል ብለው የሚሟገቱ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ እሷም አባል ናት። ሌስተር ሄዳ ያን ፓርኪንግ ስታይ አስፋልቱ ላይ «አር» የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል በቀለም ተጽፋለች። እዚያ ስትቆም ሰውነቷ ውርር አለው። እዚህ ነው አለች።

እንግዲህ «አር» ማለት ሪዘርቭድ ነው። ለአለቃ የተያዘ ቦታ። የትኛውም መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የምታዩት ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ እስቃለሁ። ግን ደግሞ አጽሙ የተገኘው ከፊደሏ አጠገብ ነው። ምን ልበላችሁ!

ውርር ማለቱን እንተወውና፣ ሴትዮዋ ዓመታት የደከመችበት ሥራ አለ። ከታሪክ ምሁሩ ጆን አሽዳውን-ሂል ጋር ሆና ድሮ ካርታ ላይ ገዳሙ የት እንደነበረ አሰላች። ምክር ቤቱን አሳመነች። የቁፋሮው ገንዘብ ሊጎድል ሲል የማኅበሩ አባላት ከየአገሩ አዋጥተው ሞሉ። ማዋጣቱን እኛም እናውቅበታለን። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዩኒቨርሲቲውን ብቻ ነው። እሷ ባትነዘንዝ ኖሮ ግን ማንም ያን አስፋልት አይቆርጠውም ነበር።

ቁፋሮውን የመራው ሪቻርድ በክሊ ነው፣ ከሌስተር ዩኒቨርሲቲ። ስሙም ሪቻርድ መሆኑ ሳያንስ፣ የዘረመል ባለሙያዋ ቱሪ ኪንግ ትባላለች። ኪንግ እንግዲህ ንጉሥ ማለት ነው። በክሊ ዋና ዓላማው ገዳሙን ማግኘት ነበር። ንጉሡን እናገኛለን ብሎ አላሰበም። ከተገኘ ባርኔጣዬን እበላለሁ አለ፤ እኛ ስንወራረድ «ጆሮዬ ይቆረጥ» እንደምንለው። ንጉሡ ሲገኝ ባልደረቦቹ በባርኔጣ ቅርጽ የተጋገረ ኬክ አቀረቡለት። በላው።

ኦገስት 25 ቀን 2012፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ስካቫተሩ አስፋልቱን ነቀለ። በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 2004 ነው። እኛ ያኔ ሐዘን ላይ ነበርን። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስና ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ መለስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው ያረፉት። ስለዚህ ይኼን ዜና ያኔ ሰምቻለሁ የሚል ካለ ይገርመኛል።

መጀመሪያ በተቆፈረው ቦይ፣ መጀመሪያው ቀን ላይ፣ ማቲው ሞሪስ የተባለው የቁፋሮው ተቆጣጣሪ የእግር አጥንት አየ። ጠጋ ብሎ በእጁ ጠረገው። አጠገቡ ሌላ እግር አለ። ሁለቱም አልተነቃነቁም፣ እንደተቀበሩ ናቸው። ማለትም ተበትኖ የመጣ አጥንት ሳይሆን የተጋደመ ሰው ነው።

ምን አደረገ? መልሶ ሸፈነው።

ይኼ ነው ለእኔ የታሪኩ ልብ። ገዳም ውስጥ ሰው ይቀበራል። መነኩሴ ይቀበራል፣ ባለጸጋ ይቀበራል። የቤተ ክርስቲያኑ የትኛው ክፍል ላይ እንዳሉ ገና አላወቁም። እግር ስላገኘህ ንጉሥ አገኘህ ማለት አይደለም። ሸፈነውና ሌላ ቦይ መቆፈር ቀጠሉ። አጽም ለማንሣት የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱንም ጠየቁ። ቀን በቀን ግድግዳ ወጣ፣ ወለል ወጣ፣ የሕንጻው ካርታ እየተሳለ ሄደ። ሲያሰሉት ያ እግር ያለው መዘምራን የሚቆሙበት ክፍል ላይ ሆነ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይቺን ነው።

ሴፕቴምበር 4 ተመልሰው ከፈቱት። የአጥንት ባለሙያዋ ጆ አፕልቢ የራሳቸው ዘረመል አጥንቱን እንዳይበክለው ነጭ ቱታ ለብሳ፣ አፏን ሸፍና ጉድጓዱ ውስጥ ተንበረከከች። መጀመሪያ ግራ የገባት የራስ ቅሉ ነው። ከሌላው አካል ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚህ አጽም አይደለም እስከመባል ደርሶ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ጉድጓዱ ለሰውዬው አጥሯል። ሬሳው ሲገባ ጭንቅላቱ ጫፉ ላይ ተደግፎ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ተቀልብሶ ቀርቷል። ሳጥን የለም። ከፈን የሚመስልም የለም። እጆቹ ዳሌው ላይ ተደራርበዋል፤ ምናልባት የታሰሩ ናቸው። ማንም ወርዶ አላስተካከለውም። ሙቀቱ የኦገስት፣ ሬሳው ቀናት የቆየ። መቃብር ቆፍሮ የሚያውቅ ሰው ይኼን ሲያይ ምን ዓይነት ቀን እንደነበር ይገባዋል።

እግሮቹ ከቁርጭምጭሚት በታች የሉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጓሮው ላይ ሲገነባ መሠረቱ ቆርጦ ሄዷል። መሠረቱ ትንሽ ወደዚህ ቢጠጋ ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ከዚያ አፈሩ ከጀርባው ላይ እየተነሣ መጣ። አከርካሪው ቀጥ ብሎ አልወረደም። ከአንገቱ ሥር ጀምሮ ወደ ቀኝ ታጥፎ ተመለሰ። እንደተጠማዘዘ የወንዝ መስመር። አንድ የሪቻርድ ዘመን ጸሐፊ አንዱ ትከሻው ከሌላው ከፍ ይል ነበር፣ ከፍ የሚለውም ቀኙ ነው ብሎ ነበር። የአጽሙም ቀኝ ትከሻ ነው ከፍ የሚለው።

በኋላ በኮምፒውተር ሲለካ የመጠማዘዙ ማዕዘን ከ65 እስከ 85 ዲግሪ ሆነ። ከአሥር ዓመቱ በኋላ የጀመረው ነው፤ ሲወለድ አልነበረም። ጀርባው ቀጥ ቢል ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ይሆን ነበር። ለዘመኑ አጭር አይደለም። ልብስ በልኩ የሚሰፋ ጎበዝ ሰፊ ካለው ብዙ አይታወቅም ነበር ይላሉ ሐኪሞቹ። ጉብታ የለም። የሰለለ ክንድም የለም፤ ሁለቱም ክንዶች ደህና ናቸው። ስለዚህ ሼክስፒር ግማሽ እውነት ይዞ ነበር፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለወሬ ሙሉ ይበቃል።

በዚያ ሰሞን የተሠራች አንዲት ስሕተት አለች፣ ወድጃት ነው የምነግራችሁ። ሴፕቴምበር 12 ቀን ለጋዜጠኞች ሲገልጹ አከርካሪው መሐል የቀስት ጫፍ የሚመስል ብረት ተገኝቷል አሉ። ዓለም ሁሉ ንጉሡ በቀስት ተወጋ ብሎ ጻፈ። ብረቱ በኤክስሬይ ሲመረመር ሚስማር ነው። ያውም የሮማውያን ዘመን ሚስማር። ሌስተር ከሪቻርድ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ የቆየች የሮማውያን ከተማ ናት፤ አፈሩ ውስጥ ሚስማር ሞልቷል። ባለሙያዎቹ ስሕተታቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አፋቸውን ይበልጥ የሰበሰቡ ይመስለኛል።

ስለ ቁስሎቹ በአጭሩ። አጥንቱ ላይ ከሞት ሰዓት ጋር የተያያዙ 11 ጉዳቶች አሉ። ዘጠኙ ጭንቅላቱ ላይ ናቸው። የራስ ቁሩ ወልቋል ማለት ነው። የገደሉት ሁለቱ ከራስ ቅሉ ሥር ያሉት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ በጎራዴ፣ አንዱ ረጅም እንጨት ላይ በተሰካ መጥረቢያ መሰል መሣሪያ። አንዱ ቁስል ደግሞ ዳሌው ላይ ነው፤ ከኋላ በመቀመጫው በኩል የገባ። ጥሩር የለበሰ ሰው እዚያ አይወጋም። ምናልባትም የተወጋው ከሞተ በኋላ፣ ዕርቃኑን ፈረሱ ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው። መናቂያ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ወስፋት። አትሳቁ። ሆዱ በነበረበት ቦታ ካለው አፈር ላይ ሲመረመር የወስፋት እንቁላል ተገኘ። የራስ ቅሉ አካባቢ ያለው አፈር ውስጥ የለም። ስለዚህ ከአካባቢው የመጣ ሳይሆን ከራሱ አንጀት ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ፣ ወርቅ ለብሶ፣ ወስፋታም ነበር። ልጅ ሆነን ኮሶ የቀመስን ሰዎች አሁን ትንሽ ወንድምነት ይሰማናል።

ምግቡም ታወቀ። አጥንትና ጥርስ ውስጥ የሚቀሩ ንጥረ ነገሮች የበላኸውን ይመሰክራሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ማለትም ከነገሠ ወዲህ፣ ዓሣና የዱር ወፍ፣ የወይን ጠጅም ጨምሯል። ይኼ ዓሣ ነገር ታዲያ ሌላ ጣጣ አመጣ። የአጥንቱ ዕድሜ በካርቦን ሲለካ መጀመሪያ የወጣው ቀን ከ1485 የቀደመ ነበር። ሰውዬው ከመሞቱ በፊት ሞቶ ነበር እንደማለት። ባሕር ውስጥ ያለው ካርቦን አሮጌ ነው። ዓሣ የሚያዘወትር ሰው አጥንቱ ከእውነተኛ ዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ይኼን አስበው ሒሳቡን ሲያርሙት ከ1455 እስከ 1540 ባለው ውስጥ ወደቀ።

እስካሁን ምን አለን? ወንድ ነው። ዕድሜው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ አካባቢ። ዘመኑ ይገጥማል። ቦታው ይገጥማል። ጀርባው ይገጥማል። ቁስሉ ይገጥማል። እኔ ብሆን ጠበቃ ቀጥሬ ስሙን አውጄ ነበር። እነሱ ገና አላወጁም።

ወደ ዲኤንኤ እንምጣ፤ ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን ነው። ከእናንተ መሐል ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያውቅ አለ? ጥሩ። ቁጠር ስንባል የምንቆጥረው አባት ነው። አባት፣ የአባት አባት፣ እንዲህ እያልን። አሁን እስቲ በእናት ብቻ ቁጠሩ። እናት፣ የእናት እናት፣ የእናት እናት እናት። ሦስተኛዋ ላይ ቆማችሁ አይደል? እኔ ሁለተኛዋ ላይ ነው የቆምኩት፤ አፈርኩ።

ሴሎቻችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ነገር አለ። የራሱ ትንሽ ዘረመል አለው፤ 16,500 ገደማ ፊደል ብትሉት። ከእናት ብቻ ነው የሚመጣው። እናት ለወንዱም ለሴቷም ትሰጣለች። ወንዱ ግን ለልጆቹ አያስተላልፍም፤ እሱ ጋ ይቆማል። ስለዚህ ሪቻርድ ከእናቱ ያገኘውን አን የምትባለው እህቱም አግኝታለች። እሷ ለሴት ልጇ፣ ልጇ ለሴት ልጇ። ይኼን መስመር አሽዳውን-ሂል ከቁፋሮው ዓመታት በፊት፣ በ2004 አካባቢ፣ ወረቀት ለወረቀት ተከትሎ ካናዳ ወጣ። ጆይ ኢብሰን የምትባል ሴት ጋ። የጥምቀት መዝገብ፣ የጋብቻ መዝገብ፣ ኑዛዜ። በየትውልዱ ስሟ በባሏ ስም እየተተካ የሚጠፋ ሴትን መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። ጆይ ቁፋሮውን ሳታይ አረፈች። ልጇ ማይክል ለንደን የሚኖር የቤት ዕቃ አናጺ ነው። ከእህትየው 17 ትውልድ ርቀት ላይ። ከጉንጩ ውስጥ በጥጥ ትንሽ ተወሰደ።

ከንጉሡ ጥርስና አጥንት ከወጣው ጋር ተነጻጸረ። ከዳር እስከ ዳር ገጠመ። ሌላ በዚያው መስመር የተገኘች ሴትም ነበረች፤ የእሷ በአንድ ፊደል ብቻ ተለየ። በዚህ ሁሉ ትውልድ አንድ ፊደል መለወጥ የሚጠበቅ ነው። ዓይነቱም በአውሮፓ ብርቅ የሆነ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘኸው ሁሉ የለውም።

በአባት በኩልስ? ይኼ ነው ጉዱ። ከሪቻርድ ቅድመ አያት አባት ከንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ በወንድ መስመር ይወርዳሉ የሚባሉ አምስት ሰዎች ተገኙ። የመሳፍንት ዘር፣ የዘር ሐረጋቸው ታትሞ የተቀመጠ። የወንድ ዘረመላቸው ሲታይ ከንጉሡ ጋር አልገጠመም። አንዳቸውም። እንዲያውም አንደኛው ከሌሎቹ አራቱ ጋርም አልገጠመም። በሪቻርድና በእነሱ መካከል ባሉት የአባትና ልጅ ሰንሰለቶች ውስጥ አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ምሥጢሯን ይዛ ሄዳለች። የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም። መጽሐፍ ላይ ግን አባትየው በኩራት ተጽፏል።

ልብ በሉ። ያ ሁሉ የተጻፈው፣ የሚፎከርበት፣ ዙፋን የሚወረስበት የአባት መስመር ተበጠሰ። ማንም የማይቆጥረው የእናት መስመር ያዘ። እኔ ይኼን ካነበብኩ በኋላ እናቴን የሴት አያቷን እናት ስም ጠየቅኳት። አሰብ አድርጋ ነገረችኝ። ጻፍኩት።

አንድ ማስረጃ እንቢ ሲል ምን ይደረጋል? መደበቅ ይቻላል። እነሱ አሳተሙት። ሙሉው ጥናት በዲሴምበር 2014 ሲወጣ የማይገጥመውንም ከሚገጥመው ጋር በአንድ ሚዛን አስቀምጠው ነው ያሰሉት። ዕድሜውን፣ ዘመኑን፣ ጀርባውን፣ ቁስሉን፣ የእናቱን መስመር፣ የአባቱን መስመር። ሁሉም አንድ ላይ ሲመዘን 99.999 በመቶ ሪቻርድ ነው አለ። ዲኤንኤ ተአምር ሠራ የሚለው ዜና ይኼን ነው የሚስተው። ያ ምሰሶ አይቶ የጻፈው ሰው ባይኖር፣ ቅኔ ማኅሌቱን የጠቀሰው ጸሐፊ ባይኖር፣ ዲኤንኤው ከማን ጋር ይወዳደር ነበር?

ከዚያ በፊት ግን፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2013፣ በክሊ መድረክ ላይ ወጥቶ ስሙን ጠርቷል። ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ሪቻርድ ሦስተኛ ነው አለ። የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው፤ አውቆ ነው የመረጠው። እግሩ የታየው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስሙ የተጠራው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ጭቅጭቁን ላሳጥረው። ዮርክ ላይ ይቀበር የሚሉ ዘመድ ነን ባዮች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በሜይ 2014 ተረቱ። ማርች 26 ቀን 2015 በሌስተር ካቴድራል ተቀበረ። ያን ሳምንት የሌስተር ቡድን የሊጉ ግርጌ ላይ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ማሸነፍ ጀመሩ፣ ከመውረድ ተረፉ፣ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆኑ። የከተማዋ ሰው ንጉሡ ነው ይላል። በዚህ ላይ የቀረበ ጥናት የለም።

ሳጥኑን ማን እንደሠራ ታውቃላችሁ? ማይክል ኢብሰን። አናጺው። ከእንግሊዝ ዋርካ መሰል ጠንካራ ዛፍ፣ ከኦክ፣ ጠርቦ፣ አለስልሶ፣ ገጣጥሞ። በ1485 ሳጥን ያላገኘው ሰው ከ530 ዓመት ግድም በኋላ በእህቱ ልጅ ልጅ እጅ የተሠራ ሳጥን አገኘ።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን ልጻፍ።

አንዲት ተማሪ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ጠየቀችኝ። ጠብቄው ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ አርፎ ዊንድዘር ነው የተቀበረው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት። እዚያው ጸሎት ቤት የሪቻርድ ወንድም ኤድዋርድ አራተኛም ተቀብሯል። አጽሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ በአቅራቢያው ያሉ ብዙ ሌሎችን ሳይረብሹ ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነው። እንደኔ አስተያየት የሚጎድለው ጥበብ አይደለም። ጥበቡ በሌስተር ፓርኪንግ ታይቷል። ፈቃድ ነው የጎደለው። ፈቃዱ የመጣ ቀን ደግሞ ማንነቱን ለማረጋገጥ የምንፈልገው የእቴጌ ጥሩወርቅን የእናት ወገን ነው፤ በሴት፣ በሴት፣ በሴት የወረደ። አሁኑኑ መቁጠር የሚችል ካለ ይጀምር አልኳት።

ሁለተኛው ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ጡረታ የወጡ ሾፌር መሆናቸውን መጀመሪያ ነገሩን። «ልጄ፣ ለመሆኑ ያ ፓርኪንግ አሁንም ይሠራል?» አሉ። መቃብሩ የነበረበት ቦታ አሁን ከአጠገቡ በነበረ አሮጌ ትምህርት ቤት ላይ በተሠራው ሙዚየም ውስጥ ነው አልኳቸው። ጉድጓዱ ላይ መስታወት ተደርጓል፤ ሰው ከላይ ቆሞ ያያል።

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉ። «መኪናው እንግዲህ ሌላ ቦታ ይፈልጋ።»